የቡርቃዋ ሊቀመንበር

ራዊያ አራጌን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በሰው ፊት ልታሳፍረው ከወንበሯ ስትነሳ ነው።

ቆቦ ከተማ፣ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። የጣሪያው ማራገቢያ ይንቋቋል እንጂ አያቀዘቅዝም። አራጌ የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ወደ ክርኑ ሰብስቦ ግድግዳው ላይ የበራውን ካርታ እያሳየ ይናገራል። የአንድ እርዳታ ድርጅት የአደጋ ጊዜ አስተባባሪ ነው። ረጅም፣ ረጋ ያለ፣ ድምፁ ሰው የሚያሳምን።

«ስለዚህ ክረምቱ ቢከብድም፣ ደራሽ ጎርፍ ቢመጣም፣ የእኛ ቆላ ዘንድሮ ዝግጁ ነው» ብሎ ፈገግ አለ።

«አይደለም!»

አዳራሹ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። ቡናማ ሂጃብ ያደረገች ቀጠን ያለች ሴት ቆማለች።

«ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አለ አራጌ።

«ራዊያ እባላለሁ። ቡርቃ ቀበሌ የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። የቆላው የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች ማኅበርም ሊቀመንበር ነኝ። ዝግጁ ነው ያሉት የትኛውን ቆላ ነው? እኔ የምኖርበትን ከሆነ ተሳስተዋል።»

«ክሎሪን አለ። ጓንት አለ። የውሃ መመርመሪያ አለ...»

«የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ቆቦ፣ መጋዘናችን ውስጥ።»

«ታዲያ ጎርፉም የሚመጣው መጋዘናችሁ ውስጥ ነው?»

ሰው ሳቀ። ራዊያ ግን አልሳቀችም።

«አምና አማኑኤል የሚባል ሊቀመንበር ነበረን። ጎርፉ መንገዱን ሲቆርጠው፣ በተቅማጥና ትውከት የወደቀውን ሰው በባዶ እጁ ሲያጥብ፣ ሲያነሳ ሰነበተ። ጓንቱ እናንተ ጋ ነበር። ክሎሪኑ እናንተ ጋ ነበር። መንገዱ ሲከፈት ወደ ቆቦ ያመጣነው አስከሬኑን ነው። እኔ የተቀመጥኩት በእሱ ወንበር ነው። ስለዚህ እኔ ባለሁበት ማንም ሰው ዝግጁ ነን አይበል!»

ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረችው ፀዲ፣ የማኅበሩ ጸሐፊና የልብ ጓደኛዋ፣ እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘችላት።

ስብሰባው ሲያልቅ ሁለቱ ሴቶች ወደ ባጃጁ ሲሄዱ አራጌ ከኋላ ሮጦ ደረሰባቸው።

«ሊቀመንበር!»

ራዊያ ዞረች። «ሊጣሉኝ ከሆነ ቶሎ ይበሉ፣ የዋጃ መኪና ያመልጠኛል።»

«አልጣላም። ያሳዩኝ።»

«ምኑን?»

«ዝግጁ ያልሆነውን።»

ራዊያ ዓይኑን አየችው። የቀልድ አልነበረም። የተናደደም አልነበረም። ያዘነ ሰው ዓይን ነበር... ለምን እንደሆነ ባታውቅም ዓይኗን ቶሎ ከእሱ ላይ አነሳች።

በማግስቱ በድርጅቱ ፒካፕ ተነሱ። ፀዲ፣ «ሰው እንዳያወራባችሁ» ብላ መኻላቸው ገብታ ተቀመጠች። ዋጃን እንዳለፉ ከአስፋልቱ ወደ ምሥራቅ ታጠፉና ማሽላ የታጨደበትን ሜዳ እያቋረጡ ወደ ቡርቃ ወረዱ። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኗል። ግመሎች በአሸዋው ላይ ይራመዳሉ።

«ይኼ ነው ሰው የሚበላው?» አለ አራጌ ደረቁን አሸዋ እያየ።

«ይኼ ነው። እዚህ ጠብ ሳይል፣ ደጋው ላይ ሲዘንብ ድንገት ይመጣል። ሽንት ቤቱን ጠርጎ የውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨምረዋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ነው።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለውን ዕቃዋን አሳየችው። ግማሽ ባልዲ ክሎሪን። አንዱ እግሩ የተቀደደ የጎማ ቦት ጫማ። ሌላ ምንም የለም።

አራጌ የተቀደደውን ቦት አገላብጦ አየ። በመጨረሻ በሩ ላይ ተቀምጦ እንዲህ አላት፦

«በጦርነቱ ጊዜ እኔ የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። ዕቃውን በየገጠሩ በትኜው ነበር። አንድም አልተረፈልኝም፣ ሁሉም ተዘረፈ። በሽተኛ አጠገቤ እየሞተ አንድ ከረጢት ግሉኮስ አጣሁ። ያን ቀን፣ ከእንግዲህ ዕቃ ከዓይኔ አይርቅም ብዬ ማልኩ።»

ራዊያ ይኼን አልጠበቀችም። ለቢሮ ሰው ያዘጋጀችው ስድብ ሁሉ ምላሷ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ዘበኛ ማድረግ ያለብህ መንደርተኛውን ነው» አለች ቀስ ብላ። አንተ ማለቷን ያወቀችው ከተናገረች በኋላ ነው። «የራሱን ነፍስ የሚያድን ዕቃ ማን ይሰርቃል? ቁልፉን ለእናቶች ስጣቸው። እስቲ ማን እንደሚነካው አያለሁ!»

አራጌ ቀና ብሎ አያት። «ሁሌም እንዲህ ነሽ?»

«እንዴት?»

«እንደ ሐምሌ ውሃ!»

ፀዲ ከውስጥ ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

ከዚያ በኋላ አራጌ ቅዳሜ ቅዳሜ ከማኅበሩ ስብሰባ አልቀረም። ባለሙያዎቹ ከሮቢት፣ ከቆቦ፣ ከዋጃ እየመጡ ይሰበሰባሉ። ጎርፍ ሲመጣ ሕዝቡ በየትኛው ጉብታ ላይ እንደሚወጣ፣ ውሃ የሚያፈላው ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ቤት ማን እንደሚደርስ አብረው አቀዱ። ክሎሪኑና ጓንቱም ከክረምቱ በፊት ሦስት ቦታ እንዲቀመጥ ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጥያቄ አቀረቡ። ሥራ አስኪያጁ «እናያለን» አላቸው። በሳምንቱም «እናያለን» አለ።

አንድ ቅዳሜ ከስብሰባ ሲመለሱ፣ ዋጃ አስፋልቱ ዳር መኪና እየጠበቁ ነበር። አራጌ ፓፓያ ገዝቶ በቢላዋ ከፈለላት።

«ሊቀመንበር፣ አንድ አጀንዳ ነበረኝ።»

«ስብሰባው እኮ አልቋል።»

«ይኼ ለብቻሽ ነው።»

«እሺ፣ ምንድነው?»

«እኔ።»

ፓፓያው የራዊያ አፍ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗ እንባ አዝሎ ነበር።

«አራጌ... እኔን የሚያገባ ሰው ጎርፉንም፣ ስብሰባውንም፣ ጭቅጭቁንም አብሮ ነው የሚያገባው።»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ያየሁሽ እኮ ስትጨቃጨቂኝ ነው።»

«ወላሂ አትጸጸትም?»

«ወላሂ!»

የሚኒባሱ ረዳት «ቆቦ! ቆቦ!» እያለ ቢጮህም ሁለቱም አልሰሙትም።

የአራጌ እናት ኡሙልኸይር ሮቢት ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞተ በኋላ ልጆቻቸውን ሽንኩርት ሸጠው ያሳደጉ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ሴት ናቸው። ራዊያን ሲያዩ ወደዷት። እርጎ አቀረቡላት፣ ጉንጯን ሳሟት፣ ዘመድ አዝማዷን ጠየቋት። ከዚያ ግን ፊታቸውን አጠበቁ።

«ልጄ፣ ቁንጅናሽን አላህ ይጠብቀው። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ከእናንተ አንዱ ባለፈው ሞቷል አሉ። ልጄ ሚስቱን እንዲቀብር አልፈልግም። ይኼን ማኅበር ልቀቂና ነገ ኒካሑን እናስር።»

ራዊያ የእርጎውን ዋንጫ አስቀመጠች።

«እትዬ ኡሙልኸይር፣ ልጅዎን እወደዋለሁ። በፊትዎ ይኼን መናገሬ ነውር ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ወንበሩን ግን አልለቅም። እኔ ብለቅ በሽታው አይለቀንም።»

ኡሙልኸይር ዋንጫውን አንስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ሰኔ ገባ። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

አራጌ ድንገት ጠፋ። ቅዳሜ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ስልኩ አይነሳም። ከዚያ የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ የማኅበሩን አመራር ቆቦ ጠርቶ እንዲህ አለ፦

«እኛ ከማኅበራችሁ ጋር መሥራት እንፈልጋለን። ግን ሊቀመንበራችሁ ስማችንን በየአዳራሹ እያጠፋች አይሆንም። ለስለስ ያለ ሰው ምረጡና ዕቃው ይወጣል። አስተባባሪያችን አራጌም በዚህ ተስማምቷል።»

ራዊያ የሰማችው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። ተስማምቷል... የእናቱ ዝምታ፣ የጠፋው ስልክ፣ ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት። ለካ ሚስት ሆና ቤት እንድትቀመጥለት ነው የፈለገው!

ከስብሰባ ስትወጣ እሱን ፍለጋ ሮቢት ወረደች። እዚያው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከደሴ መኪና ሲወርድ አገኘችው። ከስቷል። ፂሙ አድጓል። ሲያያት ፊቱ በራ። እሷ ግን አልቀረበችውም።

«ስምህን ጠርተው ነው የነገሩን። ከወንበሩ እንድነሳ ተስማምተሃል?»

የአራጌ ፊት ጠቆረ።

«አንቺ አመንሽው?»

«አንተን ልጠይቅህ ስልክህ ይነሳል እንዴ?»

«ራዊያ... እኔን እያወቅሽ ይኼን ካመንሽ፣ ምን ልበልሽ?»

«አልተስማማሁም በል! አንድ ቃል ነው!»

አራጌ ከንፈሩን ነከሰ። ቦርሳውን አንስቶ ወደ እናቱ ቤት መንገድ ጀመረ። ራዊያ ከኋላው «ሂድ! ሁለተኛ እንዳትመጣ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ እያያት ነበር። ግድ አልሰጣትም። ቆቦ እስክትደርስ ሂጃቧን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች።

በዚያው ሳምንት ማኅበሩን ሰበሰበችው። ዓይኗ አብጧል፣ ድምፅዋ ግን ጥርት ያለ ነበር።

«ድርጅቱ እኔ ከተነሳሁ ዕቃው ይወጣል ብሏል። እኔ በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ስለመረጣችሁኝ ነው። ተነሺ ካላችሁኝ አሁኑኑ እነሳለሁ። በማንም ተጽዕኖ ግን አልነሳም። ድምፅ ስጡ።»

ከዚያ ፀዲ ተነሳች።

«ዛሬ ሊቀመንበራችንን የሚመርጥልን ሰው፣ ነገ የምንቀብረውንም ይመርጥልናል። እሷ ትነሳ የሚል እጁን ያውጣ!»

አንድም እጅ አልወጣም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ቡርቃ ላይ ፀሐይ ፍንትው ባለችበት ከሰዓት፣ የምዕራቡ ተራራ ጥቁር ሆነ። ራዊያ ቀና ብላ አየችው። ወዲያው ማንቂያ እንዲያሰሙ ለተመደቡት የመንደሩ ሴቶች ነገረች። እነሱም በተስማሙት መሠረት ጡሩምባ አስነፉ። ሕፃን ያዘለው፣ አዛውንት የደገፈው፣ ፍየል የሚነዳው ሁሉ ጉብታው ላይ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ወንዙ አገሳ። ቀይ ውሃ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ሜዳውን አለበሰው። ሰው አልተወሰደም። የውሃ ጉድጓዱ ግን ተዋጠ። ሽንት ቤቶቹም ተዋጡ።

ኔትወርኩ ሳይጠፋ ቆቦ ላለችው ፀዲ ደወለች።

«ፀዲዬ፣ ጉድጓዱ ሞልቷል። ያለኝ ክሎሪን ለነገም አይበቃም። ንገሪያቸው! ዛሬ ካልወጣ ነገ ሰው ይወድቃል!»

ስልኩ ተቋረጠ።

ሰው መውደቅ የጀመረው በማግስቱ ገና ሳይነጋ ነው። መጀመሪያ ዓሊማ የምትባል አራስ ታመመች። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች። ራዊያ ያላትን ክሎሪን ቆጥባ፣ ውሃ እያስፈላች፣ እጇን በፌስታል ጠቅልላ በሽተኛ ታነሳለች። አማኑኤል ትዝ ሲላት ጥርሷን ትነክሳለች። «አልሞትም!» ትላለች ለራሷ። «እምቢ፣ አልሞትም! እነዚህም አይሞቱም!»

ፀሐይዋ ሳትበረታ ከወዲያ ማዶ ሰው ጮኸ።

ግመሎች ነበሩ። ውሃው ጎደል ባለበት በኩል ተራ ይዘው ይሻገራሉ። ጀርባቸው ላይ ነጫጭ ባልዲና ካርቶን ተጭኗል። ፊት ፊት የሚመራው ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ግመሏን በገመድ ይስባል። ከኋላው ፀዲ አለች፣ የማኅበሩ አባላት አሉ፣ ሁሉም ጭቃ መስለዋል።

ሰውየው ወጥቶ ቀና ሲል ራዊያ አወቀችው።

«ማን ላከህ?» አለች። ሌላ ቃል አልመጣላትም።

«ማንም አልላከኝም» አለ አራጌ እየተንቀጠቀጠ። «መጀመሪያ ጓንቱን አድርጊ። እጅሽን ስጪኝ።»

እዚያው ቆሞ ፌስታሉን ከእጇ ፈታ። በሳሙና አጠባት። ጓንቱን አጠለቀላት። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ወደ ሥራ ገቡ። የጉድጓዱን ውሃ በክሎሪን አከሙ፣ ድንኳን ተከሉ፣ ለበሽተኞቹ ግሉኮስ ተሰቀለላቸው። ዓሊማ ወደ ማታ ላይ ዓይኗን ገልጣ «ልጄስ?» ስትል ራዊያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ፀዲ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስሚ፣ ትናንት አራጌ አትንገሪያት ብሎኝ ነበር፣ ከእንግዲህ ግን ዝም አልልም። አራጌ ከሥራ ከታገደ ከወር በላይ ሆኖታል።»

«ምን?»

«ስምሽ ላይ ክስ ፈርም ሲሉት እምቢ አለ። አገዱት። የጠፋው ደሴ ዋናው ቢሮ ድረስ ሄዶ ለዕቃው ሲሟገት ነው። ትናንት እኛ መጋዘኑ በር ላይ ቆመን፣ ካልከፈታችሁ አንሄድም ስንል መጣ። ለዋናው ቢሮ እዚያው ሁላችንም ፊት ደወለ። "ዛሬ ካልተከፈተ፣ የሚሞተውን ሰው ስም እየጠራሁ እደውልላችኋለሁ" አላቸው። አስከፈተው! መንገዱ ሲዘጋብን ግመሎቹን የለመነውም እሱ ነው።»

ራዊያ ተነስታ ወደ አራጌ ሄደች። ባልዲ እያጠበ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?»

አራጌ ቀና አላለም። «ብነግርሽ ለእኔ እንጀራ ብለሽ ወንበሩን ትለቂ ነበር።»

«አልለቅም ነበር!»

«ራዊያ...»

ትለቅ እንደነበር ልቧ ያውቀዋል። ለእሱ ብላ፣ ለእሱ ብቻ ብላ፣ ትለቅ ነበር።

«ይቅር በለኝ» አለች ድምፅዋ ተሰብሮ። «የሰው ወሬ ይዤ መጣሁብህ።»

«እኔም ኩራቴን ይዤ ሄድኩብሽ። አንድ ቃል ነበር ያልሽኝ፣ አልሰጠሁሽም።» አሁን ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «አልተስማማሁም፣ ራዊያዬ። በሕይወቴ እንደዚያ እምቢ ያልኩበት ቀን የለም።»

ፀዲ ከሩቅ «ሥራ አለ እኮ!» ብላ ጮኸችባቸው። ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ።

ቡርቃ በዚያ ክረምት አንድም ሰው አልቀበረችም። ወሬው አገር አዳረሰ። ዋናው ቢሮ ዕቃው ቡርቃ፣ ሮቢትና ቆቦ እንዲቀመጥ፣ ቁልፉም በማኅበሩ እጅ እንዲሆን ፈቀደ። አራጌን «ይቅርታ ጠይቅና ወደ ሥራህ ተመለስ» አሉት። «የምጠይቀው ይቅርታ የለኝም» ብሎ አባቱ የተወለት የሽንኩርት ማሳ ላይ ወረደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከነጭቃው ስብሰባ ይመጣል።

ጥቅምት ላይ ኡሙልኸይር ሳይጠሩ ቡርቃ መጡ። ራዊያ የጎማ ቦት ጫማዋን እንዳደረገች ከጉድጓዱ ዳር ተቀበለቻቸው። አሮጊቷ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ያን ቀን ልቀቂ ስልሽ እሺ ብትይኝ ኖሮ፣ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እፈራሽም ነበር» አሉ። «ቀን ሲከፋ ልጄንም ትለቂዋለሽ ብዬ። አሁን አልፈራም። አፈር ልብላልሽ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

ኒካሑ ሮቢት ታሰረ። ወንዶቹ ዳሱ ውስጥ፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ። ሼሁ የራዊያን አባት ጠየቁ።

«የሙሽራዋ ቅድመ ሁኔታ አለ?»

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አለ። ማኅበሩ እስካላወረደኝ ድረስ ከሊቀመንበርነቴ ማንም አያወርደኝም ብላለች። ባሏም ቢሆን።»

ዳሱ አጉተመተመ። አንዳንዱ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። ሼሁ ግን ወደ አራጌ ዞሩ።

«ትቀበላለህ?»

«ተቀብያለሁ። እኔም አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ።»

«ተናገር።»

«የተቆጣችኝ ቀን፣ እኔ ቃል እስክሰጣት ድረስ ጥላኝ እንዳትሄድ። እኔም ሳልመልስላት አልሄድም።»

ሼሁ ፈገግ አሉ። መልሱን ከአባቷ ሊቀበሉ ሲዘጋጁ፣ ሙሽራ ዝም በምትልበት በዚያ ሰዓት፣ ከመጋረጃው ጀርባ ጥርት ያለ ድምፅ ተሰማ።

«ተቀብያለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መጀመሪያ እልል ያሉት ኡሙልኸይር ነበሩ።